ስሙ «ስንፍና» የተባለው ፍጡር



አንድን ሰው «ሰነፍ ነው» ለማለት ስለሱ ምን ያህል ማወቅ አለብን? በዛሬው ጁምዓ ጥያቄውን በአንድ እንስሳ በኩል እንየው።

በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ ጥቅጥቅ ደኖች፣ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ የሚኖር ስሎዝ የሚባል እንስሳ አለ። የእንግሊዝኛ ስሙ ራሱ «ስንፍና» ማለት ነው። በስፔንኛም «ሰነፉ» ይሉታል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ፈረንሳዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ቡፎን ደግሞ፣ አንድ ጉድለት ቢጨመርበት ኖሮ በሕይወት ሊኖር እንደማይችል ጽፎበታል።

እስኪ ኑሮውን ተመልከቱ። ባለ ሦስት ጣቱ ስሎዝ በአብዛኛው የሚበላው ቅጠል ነው። ቅጠል ደግሞ የሚሰጠው ጉልበት ትንሽ ነው፤ የበላውን ለመፍጨትም ሳምንታት ሊወስድበት ይችላል። ስለዚህ ያገኘውን ጉልበት ይቆጥባል። ረጃጅም ጥፍሮቹ እንደ መንጠቆ ስለሚይዙለት ብዙ ሳይደክም ይንጠለጠላል። ፀጉሩ ላይ የሚበቅለው አልጌ አረንጓዴ ያስመስለዋል። ሃርፒ የሚባለው ግዙፍ ንስር ሲያድነው በሩጫ አያመልጥም፤ የሚጠብቀው በቅጠሉ መሃል አለመታየቱ ነው። ሱብሓነላህ! እኛ ጉድለት ያልነው ነገር ያኖረው ነገር ሆኖ ተገኘ።

የእንቅልፉ ነገር ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። ሰው ዘንድ ተይዘው የሚኖሩ ስሎዞች ሲታዩ በቀን ወደ 16 ሰዓት ይተኛሉ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ በሆነ ጥናት ግን ተመራማሪዎች ፓናማ ውስጥ በደናቸው የሚኖሩትን ለኩ። እነዚያ የተኙት ከ10 ሰዓት በታች ነበር። እንስሳው ያው ነው፤ የተለካበት ቦታ ግን ሌላ ነው።

እኛስ ሰዎችን የምንለካው የት ሆነን ነው? ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋውን ልጅ እናያለን፤ ሌሊቱን የታመመች እናቱን ሲያስታምም ማደሩን አናይም። «ደካማ» የምንላት እህት ከሥራ ወጥታ ቤት ስንት ሸክም እንደሚጠብቃት አናውቅም። የምናየው ዝግታውን ብቻ ነው፤ ምን በልቶ፣ ምን ተሸክሞ እንደሚራመድ አናይም።

«ታዲያ ሰነፍ የሚባል ሰው የለም ማለት ነው?» ትሉ ይሆናል። አለ። ስንፍና ግን ዝግታ አይደለም፤ እየቻሉ የሚገባን ነገር መተው ነው። ስሎዝ ምርጫ ስለሌለው አይወቀስም። እኛ ግን ምርጫ አለን። የፈጅር አዛን እየሰማን ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ስንስብ «እኔም እንደ ስሎዝ ነኝ» ብንል ማንንም አናታልልም።

እንግዲህ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ የራስህን አቅም ታውቃለህ፣ የሌላውን ግን አታውቅም። ስለዚህ «ሰነፍ» የሚለውን ቃል ደፍረህ ልትናገረው የምትችለው ለራስህ ነው። ለወንድምህ ግን ሑስኑ ዘን ይቅደም፤ ስም ከማውጣትህ በፊት «ምን ሆነህ ነው? ምን ላግዝህ?» በለው። ምናልባት ያ ሰው ከሰው አፍ ይህን ጥያቄ ከሰማ ቆይቶ ይሆናል።

ጁምዓ ሙባረክ!