ያልተጻፈው ዕጣ

ነገር ሲሳካልንም ሲከሽፍብንም «የአርባ ቀን ዕድል ነው» እንላለን። የሚሆነው ሁሉ ከመሆኑ በፊት ተጽፏል ማለታችን ነው። ለመሆኑ ተፈጥሮ ራሷ በዚህ ትስማማለችን?

ፈረንሳዊው ላፕላስ እ.ኤ.አ. በ1814 እንደጻፈው፣ የዓለምን ቅንጣቶች ቦታና እንቅስቃሴ፣ የሚገፏቸውንም ኃይሎች ሁሉ የሚያውቅ አእምሮ ቢኖር፣ መጪው ዘመን እንዳለፈው ግልጽ ይሆንለት ነበር። እንዲህ ከሆነ ዕጣ ማለት አለማወቃችን ብቻ ነው። የዕቁብ ዕጣን እናስብ፤ የተጠቀለለችው ወረቀት ከመፈታቷ በፊትም ስሙ በውስጧ ሰፍሯል። እኛ አላየነውም እንጂ።

ከየካ ሽቅብ በሚታየን የእንጦጦ ጋራ፣ በ2007 ዓ.ም. በተመረቀው የጠፈር ምልከታ ማዕከል፣ የአንድ ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። የደብዛዛ ኮከብ ብርሃን እንዲህ ካለ መሣሪያ የሚደርሰው እንደ ካፊያ ጠብ ጠብ እያለ ነው። ቀጣይዋ ቅንጣት በካሜራው ገጽ ላይ የት እንደምታርፍ ማንም አስቀድሞ መናገር አይችልም፤ የሚታወቀው እዚህ ወይም እዚያ የማረፍ ዕድሏ ምን ያህል እንደሆነ ብቻ ነው። ብዙ ሺህ ሲጠራቀሙ ግን የኮከቡ ምስል ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

ማክስ ቦርን እ.ኤ.አ. በ1926 ይህን የዕድል ስሌት የኳንተም መካኒክስ ትርጉም ሲያደርገው አንስታይን አልተዋጠለትም። ከስሌቱ ጀርባ ገና ያላነበብነው ወረቀት አለ ባይ ነበር። በ1964 ጆን ቤል ክርክሩ በሙከራ የሚፈተንበትን መንገድ አገኘ። በ2022 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት አስፔ፣ ክላውዘርና ዛይሊንገር ያካሄዷቸው ሙከራዎችም «ቅንጣት ሁሉ መልሱን በኪሱ ይዞ ይጓዛል» የሚለውን ቀላል ሐሳብ ውድቅ አደረጉት። ይሁንና ነገሩ አልተቋጨም። ዴቪድ ቦም በ1952 ባቀረበው ሐሳብ መሠረት ወረቀቱ አለ፤ ነገር ግን እዚህ የሚሆነው እጅግ ሩቅ ባለ ነገር ላይ በቅጽበት የተንጠለጠለ ይሆናል። ይህ ዋጋ ከብዷቸው «ዕጣው ከነጭራሹ አልተጻፈም» ወደሚለው የሚያደሉ ብዙ ናቸው፤ እኔም ከእነርሱ ጋር ነኝ።

ታዲያ ከዕድል ባርነት ነፃ ወጣን? አይመስለኝም። አስቀድሞ የተጻፈ ሥራ የእኔ አይደለም ካልን፣ በአእምሮዬ ውስጥ ድንገት በወጣ ዕጣ የተወሰነውም የእኔ ሊሆን አይችልም። ጉቦ የበላ ሹም «ቅንጣቶቼ እንዲህ ወደቁ» ቢለን፣ «የአርባ ቀን ዕድሌ ነው» ካለው በምን ይሻላል?

የካ አባዶ ላይ ያሉ ወዳጆቼ ቤታቸውን ያገኙት በዕጣ ነው። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. የአዲስ አበባ አስተዳደር ለ25,791 የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ በኮምፒዩተር አወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ሥርዓቱ መነካካቱን ገልጾ ሰረዘው። ተራ ኮምፒዩተር ዕጣ የሚያወጣው በስሌት ነው፤ መነሻ ቁጥሩንና ቀመሩን ለሚያውቅ፣ ላፕላስ እንዳለው፣ ውጤቱ አስቀድሞ ግልጽ ነው። የቆጣቢውን ቁጣ የሚቀሰቅሰው ግን ይህ አይደለም። ለዓመታት ቆጥቦ ዕጣ ያልወጣለት ሰው አዝኖ ቀጣዩን ይጠብቃል፤ የሰው እጅ እንደገባበት ሲሰማ ግን «ማነው? ለምን?» ይላል።

ኃላፊነትን የምፈልገው እዚህ ጥያቄ ውስጥ ነው። የብርሃን ቅንጣትን «ለምን እዚህ አረፍሽ?» የሚላት የለም። ሰው ግን ይጠየቃል፤ ምክንያቱን ይናገራል፤ የሌላውን ምክንያት ሰምቶም ሐሳቡን ይለውጣል። ይህን ችሎታውን ዓለም የተጻፈች መሆኗ አይነጥቀውም፤ ያልተጻፈች መሆኗም አይሰጠውም። ስለዚህ ፊዚክሱ ወደፊት በየትኛውም ወገን ቢፈርድ፣ በገዛ እጃችን የሠራነውን በዕድል የማላከክ መብት ከዚያ አናገኝም።