የእጅ ንጽሕናና የልብ ንጽሕና፤ ስለ ቤን ሑር መጽሐፍና ሲኒማ

ታሪክን ከመጽሐፍ አውጥቶ በሲኒማ የሚያሳይ ሰው በሥራው ተርጓሚ ነው። ተርጓሚም የሆነ ሁሉ ሁለት ነገር ይጠበቅበታል፤ ይኸውም ንባቡን እንዳያጎድል፥ ምሥጢሩንም እንዳያፋልስ ነው። ሁለቱን አስማምቶ መጠበቅ ባልተቻለ ጊዜ ግን የትኛው ይቅደም? ንባቡን ለውጦ ምሥጢሩን ያቀና ተርጓሚ ወቀሳ ይገባዋል ወይስ ምስጋና? ቤን ሑር የተባለው ልብ ወለድ ታሪክና ከእርሱ የወጣው ሲኒማ ይህን ጥያቄ ለመመርመር ይረዳሉ።

መጽሐፉን የጻፈው ሌው ዋላስ የሚባል፥ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በጄኔራልነት የተዋጋ ሰው ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1876 ዓ.ም. በባቡር ሲሄድ፥ ሃይማኖትን በመንቀፍ ስሙ ከታወቀው ከሮበርት ኢንገርሶል ጋራ ስለ እግዚአብሔርና ስለ ክርስቶስ ሲነጋገሩ አመሹ። ዋላስም መልስ ለመስጠት የሚበቃ ዕውቀት እንደሌለው ባየ ጊዜ አፈረ፤ ነገሩንም እየጻፈ ሊመረምረው ቈረጠ። መጽሐፉ በ1880 ዓ.ም. ታተመ፤ ጽፎ ሲፈጽምም አማኝ ሆኖ እንደ ተገኘ ደራሲው ራሱ መስክሯል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ይሁዳ ቤን ሑር የኢየሩሳሌም ባለጸጋ ልጅ ሲሆን፥ መሳላ የተባለው ሮማዊ አብሮ አደጉ በጠላትነት ተነሥቶ በሐሰት ያስፈርድበታል። እርሱ በጦር መርከብ ላይ በሰንሰለት ታስሮ ቀዛፊ ይሆናል፤ እናቱና እኅቱም በወህኒ ሳሉ ለምጽ ይወጣባቸዋል። በኋላ ነጻ ወጥቶ መሳላን በሠረገላ እሽቅድምድም ይገጥመዋል። ይህ ታሪክ በ1925 ዓ.ም. ድምፅ በሌለው ሲኒማ ታይቶ ነበር፤ በዊልያም ዋይለር አዘጋጅነት በ1959 ዓ.ም. የወጣው ግን 11 የኦስካር ሽልማት በማግኘቱ ከሁሉ ይልቅ ስሙ ገነነ።

አስቀድሞ የጌታችን ነገር ይታይ። ደራሲው በናዝሬት ጕድጓድ አጠገብ ለተጠማው እስረኛ ውኃ የሚያጠጣውን ወጣት ሲጽፍ፥ የጠጕሩንና የዓይኑን መልክ ሳይቀር በቃል ሥሏል። ሲኒማው ግን ሥራው ማሳየት ሆኖ ሳለ ፊቱን ሰወረው። የሚያጠጣው እጅ ይታያል፥ ጀርባው ይታያል፤ ፊቱ ግን የሚታወቀው በሚያዩት ሰዎች ፊት ላይ ነው። ሊከለክል የመጣው ወታደር እንኳ ቀና ብሎ ባየው ጊዜ ቃል ያጣል። ዋላስም ራሱ ታሪኩ በ1899 ዓ.ም. በቴአትር ሲታይ ጌታን በብርሃን ምልክት እንጂ በሰው አካል እንዳያሳዩት ከልክሎ ነበር። እንግዲህ በዚህ ነገር የዓይን ጥበብ ከቃል ጥበብ ይልቅ ትሕትና አሳይቷል። ባለማየት የሚገኘውን እምነት ለማሰብ የተቻለው ዓይንን ለማስደሰት በተሠራ ነገር ውስጥ መሆኑ ያስደንቃል።

ዋናው ልዩነት ግን በእሽቅድምድሙ ላይ ነው። በመጽሐፉ ይሁዳ የሠረገላውን ዘንግ ጫፍ ሆን ብሎ ከመሳላ መንኰራኵር አግብቶ ይሰብረዋል፤ ጠላቱም ሽባ ሆኖ ይኖራል፥ ከዓመታት በኋላም በአንዲት ሴት እጅ ይሞታል። በሲኒማው ባለ ስለት መንኰራኵር ይዞ የመጣው መሳላ ነው፤ ሊያጠፋ ሲጋፋ በራሱ ክፋት ተሰብሮ ይወድቃል። ሊሞትም ሲያጣጥር የይሁዳ እናትና እኅት በለምጻሞች ሸለቆ እንዳሉ በመናገር የመጨረሻውን ጦር ይወረውራል።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይሏል። ሲኒማው የይሁዳን እጅ ስላነጻ ለባለታሪኩ ያዳላ ይመስላል፤ በቀልን ሳይሠራ በቀል ተፈጸመለትና። ነገር ግን እጁን ያነጻው ልቡን ለመክሰስ ነው። ጠላቱ ሞቷል፥ ጥላቻው ግን አልሞተም፤ የምትወደው አስቴርም የጠላውን ሰው መስለሃል ብላ ትወቅሰዋለች። ሰው በእጁ ሳይገድል በልቡ ነፍሰ ገዳይ ሆኖ መኖር እንደሚችል ይህ በግልጥ ያስተምራል። መጽሐፉ በአንጻሩ እጁን አሳድፎ ስለዚያ እድፍ ሳይጠይቀው ያልፋል። የሚያርመው ሌላ ስሕተቱን ነው፤ በገሊላ ጭፍራ ሰብስቦ ክርስቶስን በምድር ሊያነግሠው አስቦ ነበርና፥ መንግሥቱ ከዚህ ዓለም እንዳልሆነች በቀራንዮ ያስተውላል። መንኰራኵሩ ሲሰበር ከይሁዳ ጋራ ደስ ያለው አንባቢ ግን ስለ ደስታው የሚጠይቀው አያገኝም።

ለምጻሞቹም በመጽሐፉ በሆሣዕና ዕለት ይነጻሉ፥ በሲኒማው ግን በስቅለት ሰዓት። ንባቡ ተለወጠ፤ ፈውስን ከመስቀል ጋራ ያያያዘው ምሥጢር ግን ቀና።

ይሁን እንጂ ሲኒማው ያጎደለው ነገር አለ። በእርሱ ዘንድ ቤተ ሰቡ ተገናኝቶ ይቅርታው በቤት ደስታ ይፈጸማል። በመጽሐፉ ግን የተማረ ልብ ሀብቱንም ይሰጣል፤ ይሁዳ ባለጸግነቱን በሮም ለሚሰደዱ ክርስቲያኖች የመቃብር ዋሻ ማሠሪያ ያደርገዋል። ይቅር ማለት የንስሐ መጀመሪያ ነው፤ ፍሬው ግን ለሌላው ሲተርፍ ይታወቃል።

ስለዚህ ፍርዱ ለአንዱ ብቻ አይደለም። ንባብን የለወጠ ሁሉ ከሐዲ አይባልም፥ የጠበቀም ሁሉ ታማኝ አይባልም፤ የሚመዘነው ለውጡ ሰውን ወዴት እንደ መራው ነው። ከሦስት ሰዓት ተኩል በሚበልጠው ሲኒማ ውስጥ እሽቅድምድሙ ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ነው። ከዚያ ሁሉ የሠረገላውን ጩኸት ብቻ ይዞ የወጣ ተመልካች፥ ተርጓሚው የቱንም ያህል ቢደክም፥ ትርጓሜውን ገና አልሰማም። ስለ ጠላቱ ውድቀት ደስ ባለው ጊዜ ልቡን የጠየቀ ሰው ግን፥ ቢያነብም ቢያይም፥ የታሪኩን ምሥጢር አግኝቷል።