ጉርሻው የማን ነው?

አንድ እሑድ ምሳ የጋበዙን የጓደኛችን አባት ሒሳብ ከፍለው፣ ለአስተናጋጇ ጉርሻ ጠረጴዛው ላይ ትተው ወጡ። ከመካከላችን ታናሹ ልጅ ወደ ኋላ ቀርቶ ገንዘቡን ኪሱ ከተተ። እኛም አይተን ሣቅን። «ገና እጇ ያልገባ ገንዘብ እንዴት የእርሷ ይባላል?» ብለንም ተከራከርን።

ነገር ግን ሰጪው ለማን እንደ ተወው ሁላችንም እናውቅ ነበር። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ዝቅተኛ ደመወዝን በቁጥር ስላልወሰነ፣ ደመወዟ ትንሽ ለሆነ አስተናጋጅ ጉርሻ የቤት ኪራይ ማሟያ ነው። ስሙም ይመሰክርብናል፤ ጉርሻ ማለት በእጅ ጠቅልለው ለሰው የሚያጎርሱት ነው። ከጠረጴዛ ያነሣን መስሎን ከአፏ ነጠቅን፤ ታናሹ በእጁ፣ እኛ በሣቃችን።

ተመልሰን ገንዘቡን ሰጠናት። ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ ሣቃችንንስ በምን እንመልሰው?