ለመስኮት የተሰጠ ቃል

አማርኛና እንግሊዝኛ አጣምሮ የሚያውቅ፣ በዋሺንግተን ዙሪያ የሚኖር ሰው ወደደም ጠላም አንድ ቀን አስተርጓሚ መሆኑ አይቀርም። እኔንም ዕጣው ደርሶኛል። ፎርም በሚሞላበት ጠረጴዛ ጥግ እቀመጣለሁ፤ የጠበቃውን ነገር ለባለጉዳዩ፣ የባለጉዳዩን ለጠበቃው አቀብላለሁ። ደጋግሜ ካስተረጎምኳቸው ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው፦ «እዚሁ ሆኜ ላመልክት ወይስ አገሬ ተመልሼ በኤምባሲው በኩል ልምጣ? የቱ ይሻላል?»

ጠበቃው በወርና በዶላር ይመልሳል። አይፈረድበትም፤ የሚከፈለው ለዚያ ነው። እኔን የምታስቆመኝ ግን «ይሻላል» የምትለው ቃል ናት። የቱ ይቀላል ማለታችን ነው ወይስ የቱ ይገባል? ጠበቃው የመጀመሪያውን ይሰማል። ሁለተኛውን የሚሰማው ብዙ ጊዜ ባለጉዳዩ ራሱ ብቻ ነው፤ ያውም ሌሊት።

ነገሩን ለማያውቀው አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የአሜሪካ ዜጋ የሆነ የትዳር ጓደኛ ወይም ልጅ ያለው ሰው ግሪን ካርድ የሚያገኝበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው፣ በአገሩ ሆኖ ጠብቆ፣ እዚያው ባለው የአሜሪካ ኤምባሲ ቀርቦ ተጠይቆ፣ የነዋሪነት ቪዛ ይዞ መግባት ነው። ሁለተኛው፣ በጎብኚነት ወይም በተማሪነት በሕጋዊ በር ገብቶ ያለ ሰው ሳይወጣ እዚሁ «ስታተስ» የሚቀይርበት ነው። የሁለተኛው አመጣጥ ትንሽ ያስቃል። ድሮ እዚህ ያለ ሰው ቋሚ ነዋሪ ለመሆን የግድ ከአገር መውጣት ነበረበት። ከ1935 ጀምሮ ጉዳዩ እዚሁ አስቀድሞ ይመረመርና ሰውየው ወደ ካናዳ ተሻግሮ፣ እዚያ ካለው የአሜሪካ ቆንስላ ቪዛውን ተቀብሎ ይመለስ ነበር። ከቤት ወጥቶ፣ በር አንኳኩቶ፣ እንደገና እንደ መግባት ያለ ነገር ነው። የ1952ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ይህን ከንቱ ደርሶ መልስ አስቀረው።

እንግዲህ በሕግ ፊት ሁለቱም መንገዶች ንጹሐን ናቸው። ጥያቄው የሚነሣው ከዚያ በፊት ከተነገረ አንድ ቃል ነው።

የጎብኚ ቪዛ ጠይቆ የሚያውቅ ሁሉ ያንን መስኮት ያስታውሰዋል። ከመስታወቱ ወዲያ የተቀመጠው ቆንስል የሚነሣው ሕጉ አስቀድሞ ከሰጠው ግምት ነው። የኢሚግሬሽን ሕጉ አንቀጽ 214 የጎብኚ ቪዛ የሚጠይቀውን ሰው ሊቀር እንደሚመጣ ይቆጥረዋል፤ አለመሆኑን የማስረዳት ሸክሙ የጠያቂው ነው። በወንጀል ችሎት እንኳ ተከሳሽ ንጹሕ ነው ተብሎ ይጀመራል። ስለዚህ ሰው የቤቱን ካርታ፣ የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ፣ የባንክ ደብተሩን፣ የልጆቹን የልደት ወረቀት ሸክፎ ይሰለፋል። ወረቀቶቹ ሁሉ የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ «የሚመልሰኝ አለኝ»። ልጅ ትቶ የሚሄድ ይታመናል፤ የሚተወው የሌለው ይጠረጠራል። እዚያ መስኮት ላይ ፍቅር መያዣ ነው፤ አራጣ አበዳሪ ዘንድ እንደሚቀመጥ የወርቅ ሐብል። በዚህ ዓይነት ተይዞ «እመለሳለሁ» ያለ ሰው ቃል ሰጠ ይባላል?

አይባልም የሚሉ ሞልተዋል። ቡና ላይ ክርክሩ ሲነሣ «አስቀድሞ ውሸታም ብሎ ለፈረደብኝ ሰው የእውነት ዕዳ የለብኝም» ሲሉ ሰምቻለሁ። ምላስ ላይ ይጣፍጣል፤ እኔ ግን አልተቀበልኩትም። ስለ ተጠረጠርኩ ልዋሽ ያለ ሰው ጥርጣሬውን እውነት ያደርገዋል፤ የሚከፍለውም እሱ አይደለም። የምትከፍለው በማግሥቱ እዚያው መስኮት ላይ እውነቷን ይዛ የምትቆመው ልጅ ናት።

ነገር ግን ሐሳብ ራሱ በመንገድ ላይ ቢለወጥስ? ካንት በ1795 ስለ ዘላቂ ሰላም በጻፈው ትንሽ መጽሐፍ የመጎብኘትን መብትና ተቀምጦ የመቆየትን መብት ለያይቷቸዋል። ምድር ክብ ናትና ሰዎች ያለ ገደብ ሊበታተኑባት አይችሉም፤ መገናኘታቸው አይቀርም፤ ስለዚህ ማንም ሰው በሌላው ምድር እግሩ ሲያርፍ እንደ ጠላት ያለመታየት መብት አለው ይላል። ለመቆየት ግን ሌላ፣ ልዩ የሆነ ስምምነት ያስፈልጋል። እኛ ዘንድ ይህ ያለ መጽሐፍ የታወቀ ነበር። የመሸበት መንገደኛ «የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ሲል ባለቤት «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብሎ ያስገባዋል። «ነገ ትሄዳለህ?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ መሄዱ በሁለቱም ልብ ያለ ነገር ነው። ይሁን እንጂ እንግዳ ሆኖ ገብቶ አማች ሆኖ የቀረ ሰው በየመንደሩ አይታጣም። አታለለን ያለ የለም። ገብቶ ያየው ነገር ሐሳቡን ለወጠው፤ በቃ።

የአሜሪካ ሕግም ይህን ያውቃል፤ የሚጨንቀው ግን የገባህ ዕለት ልብህ ውስጥ ምን ነበር የሚለው ነው። ልብ ደግሞ አይፈተሽም። ስለዚህ ይቆጥራል። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ መመሪያ ከ2017 ወዲህ ዘጠና ቀን ብሎ ቆጥሯል፤ በጎብኚነት የገባ ሰው ከዚያ ባነሰ ጊዜ ዜጋ አግብቶ ኑሮ ከመሠረተ ሲገባ ዋሽቷል ተብሎ ሊገመት ይችላል። በሰማንያ ዘጠነኛው ቀን የተፈጸመ ጋብቻና በዘጠና አንደኛው ቀን የተፈጸመ ጋብቻ በእግዚአብሔር ፊት ልዩነታቸው ምን እንደሆነ ጠበቃም ቄስም ሊነግረኝ አልቻለም። በሌላ በኩል የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ በ1980 በሰጠው ውሳኔ ለቅርብ ቤተሰብ፣ ሌላ ጥፋት ከሌለ፣ አስቀድሞ የመቅረት ሐሳብ መኖሩ ብቻውን ማመልከቻን ለመከልከል ሊበቃ አይገባም ብሏል። ሕጉ በአንድ እጁ ይቆነጥጣል፣ በሌላው ያብሳል።

ከዓመታት በፊት አንዲት ሴት እህቷን ልታርስ ከደሴ መጣች። ገንፎ አገነፋች፤ ሕፃኑን አጠበች፤ በክርስትናው ዕለት ከአንድ ሰው ጋር ተዋወቀች። በአምስተኛው ወር ተጋቡ። ሰውየው የአሜሪካ ዜጋ ነው። ሲገቡ የተሰጣት እንደ ተለመደው ስድስት ወር ስለነበር የቀራት ጥቂት ሳምንት ነው። ጠበቃው ነገሩን እንዳለቀ ቆጠረው፤ ዘጠና ቀን አልፏል፣ ትዳሩ እውነተኛ ነው፣ እዚሁ ታመልክት። እሷ ግን «እሄዳለሁ» አለች።

«ለምን?» አልኳት፤ ማስተርጎሙን ትቼ።

«እመለሳለሁ ብዬዋለኋ፣ ጋሼ።»

«ማንን?»

«መስኮቱ ላይ የነበረውን ሰውዬ።»

ባሏ ፊቱ ጠቆረ። «ቃል የገባሽው ለማን ነው? ለእኔ ነው ወይስ ለመስታወት?» አላት። ጠበቃው ምን ተባባሉ ሲለኝ ቃል በቃል ተርጉሜ ነገርኩት፤ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ዝም አለ።

የባልየው ጥያቄ ቀላል አይደለም። አምኖ ለተቀበለህ ሰው በፈቃድህ የገባኸው ቃል፣ ጠርጥሮ ላስጨነቀህ ሰው ከተናገርከው ይመዝናል ብዬ አምናለሁ። ያኛው ኪዳን ነው፤ ይህኛው ስለ ሐሳብህ የሰጠኸው ምስክርነት ነው። ምስክርነት በተሰጠበት ቀን እውነት ከነበረ በኋላ በሚመጣ ነገር ውሸት አይሆንም። ይህንኑ ነገርኳት። አድምጣኝ ስታበቃ እንዲህ አለች፦ «አልዋሸሁም። ይህን አሁን አውቀዋለሁ። ካልሄድኩ ግን ከዐሥር ዓመት በኋላ ዋሽቼ እንደሆነና እንዳልሆነ በምን እለየዋለሁ?»

ለዚህ አነጋገሯ እስከ ዛሬ ሙሉ መልስ የለኝም። መመለስ ያለፈን ሐሳብ አያስመሰክርም፤ የዋሸ ሰውም ይመለሳልና። ቢሆንም የፈራችው ሕጉን ሳይሆን የገዛ ትዝታዋን እንደሆነ ገብቶኛል። ትዝታ አድላዊ ዳኛ ነው፤ የጠቀመንን ነገር ከጥንቱም አስበነው እንደነበር፣ የጎዳንን ደግሞ እንዳላሰብነው አድርጎ ይጽፍልናል። እሷ መዝገቡ ሳይነካ እንዲቀመጥ ፈለገች።

ሄደች። ወረቀቱ ከዓመት በላይ ፈጀ። ባሏ ለገና አንድ ጊዜ ሄዶ አያት፤ የቀረውን በስልክ ኖሩት። በመጨረሻ ቪዛዋን ይዛ መጣች። እኔን የሚቆረቁረኝ ዋጋውን ብቻዋን አለመክፈሏ ነው። የሕሊናዋን ግማሽ ዕዳ የከፈለው ባሏ ነው፤ እሱ ደግሞ ለመስኮቱ የተናገረው አንዲት ቃል አልነበረም።

አደጋውም ትንሽ አልነበረም። አገር ውስጥ ያመለከተ ሰው ቢከለከል ጉዳዩን ከኢሚግሬሽን ዳኛ ፊት እንደገና ሊያነሣ የሚችልበት መንገድ አለ። ውጭ ሆኖ በቆንስል የተከለከለ ሰው ግን ፍርድ ቤት ደጅ አይጠናም ማለት ይቀላል። በ2024 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሙኞዝ ጉዳይ የወሰነውን ማንበብ ነው። ሳንድራ ሙኞዝ የሎስ አንጀለስ ጠበቃና የአሜሪካ ዜጋ ናት። ባሏ ሳይፈቀድለት ገብቶ ይኖር ስለነበር እዚሁ ሆኖ ማመልከት አልቻለም፤ ለቃለ መጠይቅ ወደ ኤል ሳልቫዶር ተመለሰ። ቆንስሉ ከለከለው። በኋላ እንደታወቀው ምክንያቱ ሰውነቱ ላይ ካለው ንቅሳት የተነሣ የወንበዴ ቡድን አባል ሳይሆን አይቀርም የሚል ነበር። ፍርድ ቤቱ በስድስት ድምፅ በሦስት ላይ፣ ዜጋ የሆነች ሚስት የውጭ አገር ዜጋ ባሏ እንዲገባላት ሕገ መንግሥታዊ መብት የላትም አለ። ሂድና ከደጅ ጠይቅ ተብሎ የሄደ ሰው ደጅ ቀረ።

የ1996ቱ ሕግ ደግሞ ከዚህም የከፋ ቀልድ አለው። ከተፈቀደለት ጊዜ ከ180 ቀን በላይ አሳልፎ የቆየ ሰው ከአገር ከወጣ ሦስት ዓመት፣ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ ዐሥር ዓመት መግባት ይከለከላል። ቅጣቱ የሚቀሰቀሰው ሲወጣ ነው። በቪዛ ገብቶ ጊዜው ያለፈበት፣ ግን ዜጋ ያገባ ሰው እዚሁ ቁጭ ብሎ ቢያመለክት አይነካውም፤ ቃሌን ላክብር ብሎ ቢመለስ ዐሥር ዓመት ይዘጋበታል። (ምሕረት የሚጠየቅበት ሥርዓት አለ፤ ማግኘቱ ግን ሌላ ነው።) መመለስን የሚያዝ ሕግ የሚመለሰውን ሲቀጣ፣ ዜጋው ሕግንና ምግባርን አንድ አድርጎ እንዲያይ መጠበቅ ይከብዳል።

እዚሁ መቅረትም ቢሆን ነጻ አይደለም። ከጥቂት የቪዛ ዓይነቶች በቀር፣ እዚህ ሆኖ ያመለከተ ሰው ወጥቶ የመመለሻ ፈቃድ ሳይዝ ከአገር ከወጣ ማመልከቻውን እንደ ተወ ይቆጠራል። ፈቃዱ ደግሞ ለብቻው ይጠየቃል፤ ለብቻው ይጠበቃል። አስቸኳይ የሚሰጥበትም መንገድ አለ፤ ነገር ግን በእኛ አገር ሰው ዛሬ ከሞተ ነገ ነው የሚቀበረው።

ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ከጎንደር ወደ አሌክሳንድሪያ የመጡ አንድ አባት ነበሩ። ታላቁ ልጅ ዜጋ ስለሆነ ወንድማማቾቹ ተመካክረው አባታቸው እንዲቀሩ ወሰኑ፤ እግራቸው ደክሟል፣ ሐኪምም ቅርብ ነው። ፎርሙ በተሞላ ዕለት አጠገባቸው ነበርኩ። ቃለ መጠይቁም ዕለት እኔ ነኝ ያስተረጎምኩላቸው። ያ ሁሉ ጥያቄ ተጠየቁ፦ በጦርነት ተካፍለው ያውቃሉ? ታስረው ያውቃሉ? የዚህ ወይም የዚያ ድርጅት አባል ነበሩ? ሰውን አሠቃይተው ያውቃሉ? «ኧረ በስማም!» እያሉ መለሱ። መቅረት ይፈልጉ እንደሆነ የጠየቃቸው አልነበረም። ፎርሙ ላይም ቦታ የለውም።

ያን ዕለት ታናሽ ወንድማቸው ከሞቱ አራት ወር አልፏል። እሳቸውም አያውቁ፣ እኔም አላውቅ። ልጆቹ ደብቀዋቸዋል። እሑድ እሑድ ወደ ጎንደር ሲደወል «ኔትወርክ የለም» ይባላል፤ ዘመድም «ገጠር ወርደዋል» እንዲል ተነግሮታል። መርዶ መደበቅ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ፈተና ያለበትን ተማሪ፣ እርጉዝ ሴትን፣ በሽተኛን እንጠብቃለን። ነገር ግን ይህን ያህል ረዥም የሆነ፣ በመንግሥት ወረቀት የሚለካ መርዶ አይቼ አላውቅም። ለመስኮቱ ያልተነገረው ውሸት እቤት ውስጥ ተነገረ።

ካርዱ ሐሙስ በፖስታ መጣ። ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ከመርዶ ነጋሪዎቹ አንዱ ሆኜ ሄድኩ። አለቀሱ፤ ደረታቸውን መቱ። ጥቂት ሲረጋጉ «መቼ ነው?» አሉ። ወሩን ነገርናቸው። በጣታቸው ቆጠሩ።

«አሻራ ከሰጠሁ በኋላ ነዋ» አሉ። ቀጥለውም ወደ ታላቁ ልጅ ዞረው፣ «ብትነግሩኝ ኖሮ ወረቀቱን ጥዬ እሄድ ነበር» አሉት።

«ለዚሁ ነው ያልነገርንዎት፣ አባባ።»

ልጁን ልወቅሰው አልቻልኩም፤ ላመሰግነውም አልቻልኩም። ሽማግሌው ግን ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ አላነሡም። ለሙት ዓመቱ ጎንደር ለመሄድ ተነሡ፤ ልጃቸው ትኬቱን ደርሶ መልስ አድርጎ ቆረጠላቸው።