ፊልሙን ስታዪ ዓመቱን ጠይቂ

ልጄ፣ የዘመኑን የአውሮፓ ባህል፣ ፖለቲካና ፊልም ልትማሪ መሆኑን ስሰማ በጣም ደስ አለኝ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን የተነሳው ጦርነት በየአገሩ የበተናቸው የካርቱም የቡሪ ሰፈር ጎረቤቶቻችን ግን «ሐኪም ብትሆን አይሻልም? ፊልም ደግሞ ምን ትምህርት ነው?» ማለታቸው አልቀረም። አትቀየሚያቸው። እናትሽ በዚያ የካርቱም ፀሐይ ሻይ እያፈላች፣ ከሻ የሚሉት የፖሊስ አፈሳ በመጣ ቁጥር ዕቃዋን ሰብስባ እየሮጠች እንዳሳደገችሽ ስለሚያውቁ፣ ልፋቷ ከንቱ እንዳይቀር ፈርተው ነው።

እኔ የምልሽ፣ ትምህርቱን አትናቂው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላሉ አበው። ፊልም ስታዪ መጀመሪያ የተሠራበትን ዓመት ጠይቂ፤ ቀጥለሽም ገንዘቡን ማን እንዳወጣ። ጣሊያናዊው ዴ ሲካ እ.ኤ.አ. በ1948 የሠራውን «የብስክሌት ሌቦች» ያሳዩሽ ይሆናል። ስንት ጠብቆ ሥራ ያገኘ አባት ብስክሌቱ ይሰረቅበትና ትንሽ ልጁን አስከትሎ ሮምን ሲያስስ ይውላል። እንባሽ ይመጣል፤ ይምጣ። ነገር ግን ፊልሙ ከመሠራቱ 12 ዓመት ቀደም ብሎ የዚያው አገር፣ የጣሊያን፣ መንግሥት በእኛ በኢትዮጵያውያን ላይ የመርዝ ጋዝ ያዘንብ ነበር። ሉቼ የተባለው የመንግሥቱ የፊልም ድርጅት ደግሞ ወረራውን የሥልጣኔ ጉዞ አስመስሎ ለሕዝቡ ያሳይ ነበር። አንዱን ሳታዪ ሌላውን አወቅሁ አትበዪ። ብስክሌቱ የጠፋበት ድሃና አዲስ አበባ የገባው ወታደር የአንድ ሰፈር ልጆች ሊሆኑ እንደሚችሉ አስቢ። አንድ ሕዝብ ሁለቱንም እንዴት ሊሆን እንደቻለ ከገባሽ የአውሮፓን ፖለቲካ መማር ጀምረሻል። በክፍሉ ውስጥ ይህን የሚጠይቅ ከጠፋ አንቺ ተነሥተሽ ጠይቂ፤ ቁጣሽን ዋጥ አድርገሽ፣ ማስረጃሽን ይዘሽ።

ስለ ስደተኛ የተሠሩ ፊልሞችም ይመጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1974 ጀርመናዊው ፋስቢንደር በሙኒክ ስለሚኖር የሞሮኮ ሠራተኛና በዕድሜ ስለምትበልጠው ጀርመናዊት የጽዳት ሠራተኛ ጋብቻ የሠራው አለ። ያን ቀን ዓይን ሁሉ ወደ አንቺ ሊዞር፣ «እስቲ የራስሽን ንገሪን» ልትባዪ ትችያለሽ። ልብሽ ከፈቀደ ንገሪያቸው፤ ካልፈቀደ ግዴታ የለብሽም። የሄድሽው ለመማር ነውና ስለ ፊልሙ አሠራር ተናገሪ።

ከአውሮፓ የምትማሪውንም ለጌጥ አትያዢው፤ የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። ጀርመን አገር ተምሮ ኋላም በሱዳን በስደት የቆየው ጸሐፊው ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ይህን የተረዳ ሰው ነበር። ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ውስጥ የአውሮፓን ዕውቀት ለጌጥ አልያዘውም፤ የራሱን አገር ንግድና ቀረጥ መርምሮበታል። አንቺም ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ የሚባለውን አትርሺ።

የምታውቂውን አገርም ከፊልም ትምህርትሽ ውጭ አታድርጊው። በሰማያዊ አባይ ዳር አድገሽ የሱዳንን ፊልም ሳታውቂ ብትቀሪ፣ ያባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ያን ጊዜ ነው። ሱዳናዊው ኢብራሂም ሻዳድ በምሥራቅ ጀርመን ፊልም ተምሮ ወደ አገሩ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከጓደኞቹ ጋር የሱዳን የፊልም ቡድንን አቋቋሙ፤ በዚያው ዓመት መፈንቅለ መንግሥት መጣና ቡድኑ ተዘጋ። ካረጁ በኋላ ኦምዱርማን ውስጥ አንድ የተዘጋ ሲኒማ ቤት ለመክፈት ፈቃድ ፍለጋ ደጅ ሲጠኑ የሚያሳየው «ስለ ዛፎች ማውራት» የተባለው ፊልም እ.ኤ.አ. በ2019 በበርሊን የፊልም ፌስቲቫል ተሸልሟል። ርዕሱ ከጀርመናዊው ብሬሽት ግጥም የመጣ ነው። ለእኔ እነዚህ ሽማግሌዎች ከብዙ ፕሮፌሰር ይበልጣሉ፤ የተማሩትን ይዘው ሰው እንዲያይላቸው ለብዙ ዓመታት ታግለዋልና።

የመመረቂያ ጽሑፍሽን ርዕስ ስትመርጪ አስቢያቸው። አማርኛ፣ አረብኛና እንግሊዝኛ አንድ ላይ የያዘ የፊልም ተማሪ እንደ ልብ አይገኝም። ነገር ግን አረብኛሽን የተማርሽው በመንደር ወሬ ነውና ለጽሑፍ አይበቃም፤ ከዛሬ ጀምረሽ በአረብኛ ማንበብ ልመጂ።