የገር መምህር ሸክም

ስለ መምህራን ስንጽፍ ልማዳችን ማመስገን ነው። ዛሬ ግን ከምስጋናው አለፍ ብለን አንድ ነገር መጠየቅ ፈለግን። ጠባዩ ገር የሆነ መምህር በሥራው ደስ ብሎት ይኖራልን?

የጠባይ አጥኚዎች የሰውን ጠባይ በአምስት ዋና ዋና ዘርፎች ይከፍሉታል። አንዱ ገርነት ነው፤ ይኸውም ሰውን ማመን፣ ማዘን፣ ለመርዳት መፍጠንና ከጠብ መራቅ ነው። እንዲህ ያሉ መምህራን በአብዛኛው ከተማሪዎቻቸውና ከባልደረቦቻቸው ጋር ተስማምተው ይኖራሉ፤ በሥራ መዛላቸውም በመጠኑ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። «በመጠኑ» የምትለዋን ቃል ግን አትዝለሏት።

በክልላችን፣ በኢታንግ በኩል፣ ኩሌ አለ። በ2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ጦርነት ሲነሣ፣ ለሸሹት ወገኖች በዚያው ዓመት የተከፈተ የስደተኞች መጠለያ ነው። ከመምህራኑም ከፊሎቹ ራሳቸው ስደተኞች ናቸው። በአንድ ክፍል ከመቶ በላይ ልጆች የታጨቁበት ጊዜ ብዙ ነው። ስደተኛው መምህር ሲቀበል የኖረው ደመወዝ ሳይሆን ኢንሴንቲቭ የሚባለውን አነስተኛ ክፍያ ነው፤ ከኢትዮጵያዊው ባልደረባው ደመወዝ እጅግ ያንሳል። ልጁ የሸሸውን ጦርነት መምህሩም ሸሽቶታል። በእንዲህ ያለ ክፍል ቁጡ ሰው አንድ ወር የሚቆይ አይመስለንም፤ ገሩ ይቆያል። «እርሱ እሺ ይላል» እየተባለ ሥራ የሚጨመርበትም፣ በየትም ትምህርት ቤት ቢሆን፣ ይኸው እሺ ባዩ ነው።

ኦሪት ዘኍልቍን ገልጠን ብናይ በምዕራፍ 12 ሙሴ በምድር ካለው ሰው ሁሉ ይልቅ ትሑት እንደ ነበረ ተጽፏል። ከዚያ በፊት ባለው ምዕራፍ ግን ይኸው ሰው ሕዝቡን እንደ ሞግዚት ብቻውን መሸከም አቅቶት ሞትን ለመነ! እግዚአብሔርም «ትዕግሥት ጨምር» ብሎ አልገሠጸውም፤ ሸክሙን የሚካፈሉ ሰባ ሽማግሌዎች ሰጠው እንጂ። በምዕራፍ 20 ደግሞ ያ ትሑት ሰው ተቈጥቶ ዐለቱን ሁለት ጊዜ መታው። ገርነት የማያልቅ ጉድጓድ አይደለም ማለት ነው።

እኛስ? ትምህርት ቤት ሳለን በኃይለኛው መምህር ክፍለ ጊዜ ጸጥ እንል ነበር፤ የምንጮኸው በገሩ ጊዜ ነበር፤ እንደማይመታን እናውቃለንና። አንድ ቀን ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ ደወል ሳይደወል፣ ምንም ሳይናገር ወጣ። እኛ ሳቅን። በማግስቱ ተመልሶ ጥሎን ስለ ወጣ ይቅርታ ጠየቀን።

እኛ ግን እስከ ዛሬ አልጠየቅነውም። ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውሯል ይባላል፤ ያለበትን እያጠያየቅን ነው።