ልብ ሲቆም የጎረቤት ዕዳ

ቀደም ባለው ዘመን ሞትን መለየት እምብዛም አያከራክርም ነበር። ትንፋሽ ሲቋረጥና ልብ ሲቆም ነፍሱ ወጣች ይባላል፤ የሚቀረው መገነዝና ማልቀስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ግን ኩዌንሆቨን፣ ጁድና ኒከርቦከር የተባሉ የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች ደረት ሳይከፈት፣ በመዳፍ በመጫን ብቻ ደም እንዲዘዋወር ማድረግ እንደሚቻል አሳወቁ። እ.ኤ.አ. በ1999 በኖርዌይ ከበረዶ ሥር የወደቀችው ሐኪም አና ቦገንሆልም የሰውነቷ ሙቀት ወደ 13.7 ዲግሪ ወርዶ፣ ልቧም ቆሞ ሳለ ለመዳን በቅታለች።

ታዲያ ሞት ቅጽበት ሳይሆን ሂደት ከሆነ፣ «ሞቷል» ማለት እውነትን መናገር ነው ወይስ ውሳኔ መስጠት? ሁለቱም ነው። ሐኪሙ ስለ አካሉ ሁኔታ ይመሰክራል፤ ከዚህ በላይ መድከም እንደማይገባም ይፈርዳል። የመጀመሪያው የዕውቀት፣ ሁለተኛው የኅሊና ጉዳይ ነው። ደም የተቋረጠበት አንጎል በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ መጎዳት ስለሚጀምር፣ ልብ ተመልሶ ሰውየው ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ ማቆም ሁልጊዜ ክህደት አይደለም። ይሁንና ሞክሮ ማቆምና ከቶውንም አለመጀመር አንድ አይደሉም።

ይህ ልዩነት ለካርቱም ነዋሪ የሩቅ ፍልስፍና አይደለም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ጦርነት ከተቀሰቀሰ በኋላ በከተማዋ በርካታ ሆስፒታሎች ሥራ አቁመው ነበር። በሰላሙም ጊዜ ቢሆን፣ በቡሪ አንድ ግቢ ውስጥ ልቡ ለቆመ ሰው የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በሐኪም እጅ ሳይሆን አጠገቡ ባለው ሰው እጅ ናቸው። ሳይረዳ የሚያልፈው እያንዳንዱ ደቂቃ የመዳን ተስፋውን በግምት ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሰዋል።

«ብሳሳትስ? ጎድኑን ብሰብረውስ? ሰው አገር ላይ ብጠየቅስ?» የሚለው ስጋት ሊናቅ አይገባውም፤ በተለይ መታወቂያ ለሌለው ስደተኛ። ነገር ግን ልቡ ለቆመ ሰው ከተሰበረ ጎድን የሚብሰው ሳይነካ መቅረቱ ነው። በደረቱ መካከል በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች መጫን ዲፕሎማ አይጠይቅም።

ነቢዩ ኤልሳዕ የሱነማይቱን ልጅ ለማስነሳት አፉን በአፉ ላይ እንዳደረገ መጽሐፍ ይተርካል። ከመጸለይ አልቦዘነም፤ ከመንካትም አልተቆጠበም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለው ብሂልም ዘመዱ ሁሉ ባሕር ማዶ ለቀረ ስደተኛ ምክር ብቻ አይደለም። ሳይንስ የሞትን ድንበር ጥቂት ደቂቃ ሲያርቀው፣ የጎረቤትንም ዕዳ በዚያው ልክ አስረዝሞታል።